ሁለት ነጥብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ወንበሬን ሳልቀይር
ከሜዳው ዳር ሆኜ ነጥብ ስደምር፣
ያየሁትን ሁሉ በእርሳስ አሰፈርኩ፤
ያላየሁትን ግን ለእግዜር አስረከብኩ።

የኔብራስካ ብርድ ነው፤ አጥንት ይፈትሻል፤
ከበቆሎው ጎተራ ማዶ የጭነት ባቡር ይጮኻል፤
የሄይዝል ክሪክ ኮሌጅ አዳራሽ ግን ይሞቃል፤
ፋንዲሻና ላብ፣ የእርጥብ ካፖርት ሱፍ ይሸታል።

ማርቫ ሊንድክዊስት መጀመሪያ ስትመጣ
ከተጠባባቂ ወንበር ጥግ፣ ከውኃ ኮዳዎቹ ጋር ተቀምጣ፣
ክንዷ ረጅም፣ ጫማዋ የወንድሟ፣
በድምፅ ማጉያ የማይጠራ ስሟ።
አንድ ዓመት ሙሉ ከስሟ ትይዩ
ዜሮ ብቻ ጻፍኩ፤
ዜሮዎቼም እንደ ቅርጫት አፍ ክብ ሆነው ታዩ።

አባቷ እንደነገረኝ፣ ሐምሌን ከነሐሴ
የብስክሌት ቸርኬ ጎተራው በር ላይ በሚስማር ቸንክራ
ትወረውር ነበር በአሮጌው ፒክአፕ መብራት፣
አሳማዎቹ ሲያንኮራፉ፣ ጮክ ብላ እየቆጠረች በተራ።

በሁለተኛው ዓመት
የአንዷ ቁርጭምጭሚት ዞረ፤ ወደቀች፤
ማርቫ ተነሣች።
ያን ማታ ሃያ ስድስት። እርሳሴን ሁለት ጊዜ ቀረጽኩ።
በሳምንቱ ሠላሳ አንድ።
ከዚያ ወዲያ መቅረጫዬን ኪሴ አልመለስኩ።

ትከሻዋ ወደ ግራ፣ እሷ ግን በቀኝ፤
ጥላዋን ሲይዙላት ስንቴ ሳቅ አመለጠኝ!
መዝጋቢ አይስቅም፤ ደንብ ነው።
ሳልኩ፤ በጉንፋን አሳበብኩ።

ከኦማሃ የመጣ ጋዜጠኛ ስለ ሕልሟ ጠየቃት።
«የሐሙሱ ጨዋታ» አለችው፤
ሌላ ቃል አላገኘባት።

ሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤
እኔ ጠረጴዛ ድረስ ተሰማ።
እስከ መጋቢት ዓምዷን ባዶ ተውኩት።
ዜሮ አላልኩም። ዜሮ የሞከረ ሰው ነው፤
ባዶ ሌላ ነው።

ተመለሰች፣ ጉልበቷን በብረት አስራ።
አሁን እሷና ጥላዋ እኩል ነው የሚደርሱ፤
ስለዚህ ማቀበል ተማረች፤ ባልጠበቁት እጅ ይገኛል ኳሱ።

የኮሌጁ ክብረ ወሰን የኮራ ሄንዝሊ ነበር፣
ዛሬ ፖስታ ቤት ቴምብር የምትሸጠው ኮራ፦
አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስት።
ሃያ ስምንት ዓመት ማንም ሳይነካው ኖረ።

የመጨረሻው ማታ፣ ሁለት ሰከንድ ሲቀር፣
ኳሱ ከሰሌዳው ነጥሮ ሁለት እጅ ተነሣ፤
መረቡ ተወዛወዘ።
«ማርቫ» ብዬ ጻፍኩ። አርባ ሰባት!
ጥሩምባው፣ ጩኸቱ፣ ጣሪያው ሊነሣ።

ግማሹ መብራት ጠፍቶ፣ ፋንዲሻው ሲጠረግ
መጣች፤ ጉልበቷ ላይ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ።
«ሚስተር ዶርና፣ ያቺ የመጨረሻዋ የእኔ አይደለችም።
የጁኒ ጣት ነው የገፋት፤ እኔ አልነካኋትም።»
«ማንም አላየም» አልኳት።
«እኔ አይቻለሁ።»
ሱቅ ደጃፍ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብላ ቆመች።

ላጲሱ ወረቀቱን አሳሳው።
ለጁኒ ፖስፒሽል ጻፍኩ፤ ለማርቫ አርባ አምስት ቀረ፤
ለክብረ ወሰኑ አንድ የጎደለ።

ሁለት ነጥብ።
በጽሕፈት ቤት ሥራዋ ቃልን ከቃል መለየት ነው፤
እሷ መሐል ካልገባች
ሰውና ዝናው ተጣብቀው አንድ ቃል ይመስላሉ።

ገጹን ወደ መብራት ብታዞሩት
የፋቅኩት ቁጥር ዛሬም ይታያል።

ማርቫ አሁን የወረዳውን በረዶ መጥረጊያ መኪና ትነዳለች።
ጎህ ሳይቀድ በደጄ ታልፋለች፤
የደብዳቤ ሣጥኔ ጋ ስትደርስ ምላጩን ብድግ ታደርገዋለች፣
በረዶ እንዳትከምርብኝ።
ማንም አይመዘግብላትም።

ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።